በማሽን ሠርቶ ማሳያ ቀን ገዢው ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቅር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች የቡና መፈልፈያ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ የእህል መውቂያና የእርጥበት መለኪያ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት ቀን ማዘጋጀታቸው እየተለመደ መጥቷል። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ከማና፣ ከጎማ፣ ከሰቃ ጨቆርሳና ከቀርሳ የሚመጣ ገበሬ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይጓዝ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ ጠይቆና ከጎረቤቱ ጋር ተመካክሮ ለመወሰን ዕድል ያገኛል። ነገር ግን በእነዚህ ቀናት ገዢው የሚስተናገድበት መንገድ የዝግጅቱን ዓላማ እያበላሸው ነው የሚል እምነት ስላደረብኝ፣ የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያስቡበት በጋዜጣችሁ በኩል ይህን አስተያየት አቀርባለሁ። በግብርና ሙያ ረዘም ላለ ጊዜ አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቤ በማና ወረዳ ቡና ስላለው ግን ዛሬም ወደ እነዚህ ድንኳኖች የምሄደው እንደ ማንኛውም ገዢ ነው።

የምለው አጭር ነው። ገዢው ዕቃውን በራሱ እጅ፣ በራሱ ቡና፣ ያለ ጥድፊያ እንዲሞክር ካልተፈቀደለት ሠርቶ ማሳያ ተካሄደ ማለት አይቻልም። እኔ በአብዛኛው የማየው ግን ሻጩ ራሱ ሞልቶ፣ ራሱ አዙሮ፣ ራሱ ውጤቱን ከፍ አድርጎ ሲያሳይና ገበሬው ከገመድ ወዲህ ቆሞ ሲመለከት ነው። የድምፅ ማጉያው ሙዚቃ፣ የሚታደለው ኮፍያና ቲሸርት፣ የሚነሣው ፎቶግራፍ ሁሉ አለ፤ ሰውዬው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ጥያቄ ተረጋግቶ የሚያደምጥ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ለመረዳት የእጅ ቡና መፈልፈያ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። ማሽኑ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው፤ ከላይ እሸቱ፣ ማለትም ከነቅርፊቱ ያለው ትኩስ ቡና፣ የሚገባበት አፍ፣ ከውስጥ ገጹ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ የሚሽከረከር ከበሮ፣ ከከበሮው ፊት ለፊት የቆመ ብረት፣ ከጎን ደግሞ እጀታ አለው። ሥራው ሁሉ የሚያርፈው በከበሮውና በብረቱ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቷ ከልክ በላይ ከጠበበች ፍሬው ይቆረጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ ከሰፋች ደግሞ እሸቱ ሳይፈለፈል አልፎ ከተፈለፈለው ጋር ይቀላቀላል። የተቆረጠው ፍሬ፣ ልጋጉ እንዲለቅ በሚብላላበት ገንዳ ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ ይለወጣል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ቀማሹም ስኒው ውስጥ ያገኘዋል። ክፍተቷም አንድ ጊዜ ተስተካክላ የምትተው አይደለችም፤ የእሸቱ መጠን እንደ ዝርያው፣ እንደ ዝናሙና እንደ ቦታው ከፍታ ስለሚለያይ፣ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው 74110 የተባለው ዝርያ የሚሰጠው ደቃቅ እሸትና ጓሮ ውስጥ ለዘመናት የቆየ ዛፍ የሚሰጠው እሸት በአንድ ልክ አይፈለፈሉም። በዚህ ላይ ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ከረጢቱ ውስጥ ይሞቃል፣ ያለ ፈቃድ መብላላት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ማብላላቱ፣ ማጠቡ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግቶ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ እስኪወርድ ማድረቁ ይከተላል። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው፣ በመፈልፈያው የሚቆረጥ እያንዳንዱ ፍሬ ከስንት ሰው ድካም ላይ እንደሚቀነስ ይገባዋል።

በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን አይቶ፣ አራምዶ፣ ሲቻልም ቀንበር አስነክቶ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው፤ ሻጩም አይቆጣም። ማሽን ሲሆን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለፈው የቡና ወቅት በአንድ ማሳያ ላይ የተመለከትሁትን ልግለጽ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና። ሻጩ ከጎኑ በከረጢት ያስቀመጠው እሸት አንድ ወጥ ቀይ፣ እኩል መጠን ያለውና በውሃ የረጠበ ነበር፤ ተመርጦ እንደተለቀመ ለማንም ግልጽ ነው። በጣሳ እየሰፈረ ከላይ አፈሰሰ፣ እጀታውን አዞረ፣ ፍሬው በአንድ በኩል ቅርፊቱ በሌላ በኩል ወረደ፣ ሰዉም አደነቀ። ከዚያ ከሰቃ በኩል የመጡ አንዲት እናት በፌስታል ይዘውት የመጡትን እሸት አሳዩት። ጠዋት የተለቀመ ነው፤ ደህና ቀይ የበዛበት ቢሆንም ቢጫና አረንጓዴ የቀላቀለ፣ ጥቂት ዛፍ ላይ መድረቅ የጀመረም ያለበት፣ ማለትም የማንኛችንም ቤት እሸት የሚመስል ነበር። በኦሮምኛ “ይህንን ጨምርበትና እንየው” አሉት። ሻጩ በአማርኛ “እማማ፣ ማሽኑ ይዘጋብኛል፤ እጅዎን ከዚያ ያንሡ” ብሎ መለሰላቸውና ወዲያው ጃኬት ወደ ለበሰ ሰው ዞሮ “ጌታዬ፣ ስንት ሄክታር አለዎት?” ሲል ጠየቀ።

አዴ (በኦሮምኛ ሴትን በአክብሮት የምንጠራበት ነው) አልተቆጡም፤ ከፊቱም አልሄዱም። ጎንበስ ብለው ከማሽኑ ሥር ካለው ሸራ ላይ ከተፈለፈለው ፍሬ አንድ እፍኝ አነሡ፣ ልጋጉን በመዳፋቸው አሻሽተው አስለቀቁ፣ ከዚያም ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ ካዩ በኋላ ጥቂቱን ለይተው ወደ እኔ ዘረጉ። በጥፍር የተጫረ የመሰለ መስመር ይታይባቸዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ጫፋቸው ተገምጧል። በተመረጠ እሸት፣ በሻጩ በራሱ እጅ፣ ማሽኑ ፍሬ እየቆረጠ ነበር። በሰዉ መካከል ይህን ያየችው ለመሞከር የተከለከለችው ሴት ብቻ ነበረች። “ቤት የምፈለፍለው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ገንዘቡን ነው የሚከፍለው” አሉኝና ፌስታላቸውን ይዘው ወደ ህርማታ ገበያ አቅጣጫ ሄዱ።

በዚያ ድንኳን ውስጥ የሆነው ነገር የትሕትና ጉድለት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ እፈልጋለሁ። ሻጩ ሰውን በልብሱ መዝኖ ማሽኑን በየቀኑ የምታዞረውን ሴት ገፋት፤ የማያዞረውን ሰው ግን ጌታዬ አለ። በዚህም የተነሣ ስለ ማሽኑ ሊማር ይችል የነበረውን ነገር አጣ። እጀታው ለአጭር ሰው ከፍ ይላል ወይ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማ ልታዞረው ትችላለች ወይ፣ ከምሽቱ በፋኖስ ብርሃን ሲሠራ ቅርፊቱ የሚወርድበት አፍ እንዳይደፈን እንዴት ይደረጋል የሚሉት ጥያቄዎች ከአዴ በስተቀር ከማንም አይመጡም ነበር። በአካባቢያችን የእሸት ለቀማና ዝግጅት ሥራ አብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ እንዳለ እየታወቀ፣ በማሳያ ቀናት ፊት ለፊት የሚቀመጡት ወንዶች፣ እጀታውን እንዲነኩ የሚጋበዙትም ወንዶች ናቸው።

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዘው ለማየት ከጅማ ሕይወት በጣም የራቀ አንድ ምሳሌ ላምጣ። የእህቴ ልጅ በውጭ አገር የስፖርት ዕቃ በሚሸጥበት መደብር ትሠራለች፤ መደብሩ የጎልፍ ዱላ አምራቾች አዲስ ዕቃቸውን ለደንበኛ የሚያስሞክሩበት ቀን ያዘጋጃል። ጎልፍ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከ14 ዱላ በላይ መያዝ በደንቡ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ዱላ በጥንቃቄ ይመርጣል። አምራቾቹ ብዙ ዓይነት ዱላ ደርድረው በልምምድ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ የዱላው ራስ ከዘንጉ በትንሽ መፍቻ እየተፈታ ሌላ ርዝመትና ሌላ ጥንካሬ ካለው ዘንግ ጋር ይገጠማል፤ ደንበኛው ራሱ ኳስ እየመታ ይሞክራል። ከጎኑ የተቀመጠ መሣሪያ የኳሷን ፍጥነት፣ የምትነሣበትን ማዕዘንና የምትሽከረከርበትን መጠን ይለካል። ደንበኛው የቤቱን አሮጌ ዱላ ይዞ እንዲመጣ ይመከራል፤ አዲሱ በእርግጥ ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለው የሚታወቀው ከያዘው ጋር ሲነጻጸር ነውና። ሞክሮ ሳይገዛ የሚሄድ ሰውም አይወቀስም።

እዚያም ቢሆን ቅሬታ አለ፤ የእህቴ ልጅ አልደበቀችኝም። ጥሩ ተጫዋች የመሰላቸውን ሰው ከበው ጀማሪውን የሚተዉ የአምራች ወኪሎች አሉ። ግራኝ የሆነ ደንበኛ ከተደረደረው ሁሉ ለእሱ የሚሆን አንድ ሁለት ዱላ ብቻ ያገኛል። ለሴት ደንበኛ ሳይለኩ “ለእርስዎ ይሄ ይበቃዎታል” ብለው ቀላሉን የሚያቀብሉ አሉ። የልምምድ ሜዳ ኳስ ከመደበኛው ኳስ ያነሰ ርቀት ስለሚሄድ፣ የተለካው ቁጥር እንዴት መነበብ እንዳለበት የማያስረዳ ሻጭም ደንበኛውን ያሳስታል። ይህ የመጨረሻው በተመረጠ እሸት ማሽን ከማሳየት ጋር ይመሳሰላል፤ የሙከራው ሁኔታ ካልተገለጸ ውጤቱ ምንም አይናገርም። እንዲህም ሆኖ ዱላው በደንበኛው እጅ ይገባል፣ ኳሷን የሚመታውም ደንበኛው ነው። ለመዝናኛ የሚገዛ ዱላ ይህን ያህል ከተሞከረ፣ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ገቢ ለሚወስን ማሽን ከዚያ ያነሰ መስተንግዶ መስጠት አግባብ አይደለም።

በአገራችንም ቢሆን ይህ ልማድ እንግዳ አይደለም። የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1971 ታይቶ ዛፉን ሲያራቁት፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለይቶ አወጣ፤ ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተመረጡ ነው። ገበሬ ነባር ዛፉን ነቅሎ አዲስ ችግኝ የሚተክለው በንግግር አይደለም፤ ሁለቱ ዛፎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ፍሬው ጠቁሮ ሲረግፍ፣ ሌላው ቀይ ለብሶ ሲቆም አይቶ ነው። እኛ የግብርና ሠራተኞች ሠርቶ ማሳያ ስንል ይህንን ማለታችን ነበር፤ በገበሬው ማሳ፣ በገበሬው አፈር፣ በገበሬው እጅ።

ስለ ሕጉም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዕቃውን በማየቱ ወይም በዋጋ በመከራከሩ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ፣ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍና ደረሰኝ እንዲሰጥም ያዝዛል። አዋጁ ሸማች የሚለው ግን ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ስለሆነ፣ ለምርት ሥራ ማሽን የሚገዛ ገበሬ ከዚህ ትርጉም ውጭ ሊቀር ይችላል። ስኳርና ሳሙና ለሚገዛ የተሰጠ ክብር ማሽን ለሚገዛ ሲነፈግ ማየት ትክክል ስለማይሆን፣ ነጋዴዎቻችን የሕግ ክርክር ሳይጠብቁ ይህንኑ ልክ በማሳያ ቀን እንዲከተሉት እጠይቃለሁ።

ለሁሉም ገዢ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ፣ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ማሳወቅ እንዳለበት ይናገራል። በቡና መፈልፈያ ላይ የሚፈጠረው ችግር እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ማሳያዎች የሚካሄዱት በሐምሌና በነሐሴ፣ ዛፍ ላይ አረንጓዴ ፍሬ እንጂ አንድም ቀይ እሸት በሌለበት ወር ነው። ማሽኑ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ገበሬው ቅናሹ እንዳያመልጠው ይከፍላል፤ ያልታየው ጉድለት የሚገለጠው በጥቅምት፣ እሸቱ ተለቅሞ ቤት በገባ ማግሥት ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ሻጩ ሲኬድ “እስከ ዛሬ የት ነበርህ?” የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከወቅቱ በፊት የሚሸጥ መፈልፈያ የዋስትና ጊዜው መቆጠር ያለበት ከተሸጠበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው እሸት ከተፈለፈለበት ቀን ነው፤ ይህም በጽሑፍ ደረሰኙ ላይ ሊሰፍር ይገባል። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተግባራዊ ይሁን ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ዋጋም ሌላው የቅሬታ ምንጭ ነው። በብዙ ማሳያዎች ላይ ዋጋ አይለጠፍም፤ የጠየቀ ሰው “ቢሮ ይምጡና እንነጋገራለን” ይባላል፣ ወይም እንደ አለባበሱ የተለያየ ቁጥር ይነገረዋል። እጀታውን ጥቂት ያዞረ ሰው ስሙንና ስልኩን እንዲያስመዘግብ፣ ቀብድ እንዲያስይዝ ይወተወታል፤ “የዛሬ ብቻ ዋጋ ነው” ይባላል። ቀብዱ የሚሰጥበት ወረቀት ብዙ ጊዜ ማኅተም የሌለው ቁራጭ ነው። ከቤቱ ሳይመክር መወሰን የማይፈልግ ገበሬ ይህን ጥድፊያ ሲያይ ሁለተኛ ወደ ድንኳኑ አይጠጋም፤ ጥሩውም ሻጭ በዚያው ይጎዳል።

በአንጻሩ መልካም መስተንግዶም አይቻለሁና እሱንም መመስከር ይገባኛል። በአጋሮ መንገድ በተዘጋጀ አንድ ማሳያ ላይ አንድ ወጣት ቴክኒሽያን ገመድ አልዘረጋም። ገበሬዎቹን በሣጥንና በግንድ ላይ ዙሪያውን አስቀመጠ፣ መፍቻውን ለአንድ ሽማግሌ አቀበለና “አባባ፣ እርስዎ ይፍቱት፤ ቤትዎ ሲገቡ እኔ አብሬዎት አልሆንም” አላቸው። ሽማግሌው ብሎኖቹን ፈቱ፣ ከበሮውን አወጡ፣ በጣታቸው ገጹን ዳሰሱ፣ መልሰውም ገጠሙ። ከዚያ የራሳቸው እሸት ገባ። መጀመሪያ የወረደው ግማሹ ሳይፈለፈል ነው። ወጣቱ አልሸፋፈነውም፤ “ክፍተቱ ለእርስዎ እሸት ሰፍቷል” ብሎ ብሎኑን እሳቸው ራሳቸው በጥቂቱ እንዲያጠብቁት አደረገ። ሁለተኛው የተሻለ ሆነ። ከወረደው ላይ 100 ፍሬ ቆጥሮ በክዳን ላይ ዘረጋ፤ የተቆረጡትን በአንድ በኩል፣ ሳይፈለፈሉ የቀሩትን በሌላ በኩል አስቀምጦ ሰዉ ራሱ እንዲቆጥር አደረገ። ከተቀመጡት አንዱ ብዙ እሸት በቀን እንደሚሰበስብ ሲነግረው፣ ይህ ማሽን እንደማይበቃውና ከጎረቤቶቹ ጋር ሆነው በሞተር የሚሠራ ቢገዙ እንደሚሻል ሳያቅማማ ነገረው። የከበሮው የመዳብ ልባስ ከጊዜ በኋላ እንደሚያልቅ፣ መለዋወጫውም የት እንደሚገኝና ስንት እንደሚያወጣ በካርቶን ላይ ጽፎ ሰቀለው። ያን ቀን ብዙዎቹ ሳይገዙ ተነሥተው ሲሄዱ “ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ” ብሎ በኦሮምኛም በአማርኛም ሸኛቸው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ያየሁት መተማመን በማንኛውም ማስታወቂያ የሚገኝ አይደለም።

ነጋዴዎች የሚያነሡት ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሰምቼዋለሁም። ሰው ይበዛል፣ እሸቱ ድንጋይ ይቀላቀልበታል፣ ድንጋይ ደግሞ ከበሮውን ይጎዳል፣ ማሽኑ ለሽያጭ የመጣ እንጂ ለመለማመጃ አይደለም ይላሉ። ድንጋይ ከበሮ እንደሚጎዳ እውነት ነው። መፍትሔው ግን የገበሬውን እሸት መከልከል ሳይሆን አንድ ባልዲ ውሃ ማቅረብ ነው፤ እሸቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ድንጋዩ ይዘቅጣል፣ ፍሬ የሌለውና የደረቀው ይንሳፈፋል፣ ተንሳፋፊው ተገፎ ደህናው በእጅ ይወጣል። ይህ ራሱ ገበሬው ቤቱ ሊያደርገው የሚገባ ሥራ ስለሆነ ማሳየቱ ትምህርት ነው። ለሽያጭ ከመጡት መካከል አንዷን ማሽን ለሙከራ ብቻ መለየትና አንድ ሰው መመደብ ደግሞ ለድምፅ ማጉያና ለቲሸርት ከሚወጣው ወጪ የሚበልጥ አይመስለኝም። ሰው የሚበዛ ከሆነም ተራ ማስያዝ ይቻላል፤ የጅማ ሰው ተራ መጠበቅ አያቅተውም።

ስለ ቋንቋም መናገር ይገባል። በጅማ ዞን ማሽን የሚገዛው ገበሬ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ፣ የአጠቃቀም መመሪያው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ብቻ የተጻፈበት፣ ማብራሪያውም በአማርኛ ብቻ የሚሰጥበት ማሳያ ተገቢ አይደለም። በሥዕል የተደገፈ አንድ ገጽ ወረቀት በኦሮምኛና በአማርኛ ማዘጋጀት ከባድ ወጪ የለውም።

የዞኑና የወረዳዎቹ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በእነዚህ ቀናት ተጋባዥ ሆነው በክብር ወንበር ከመቀመጥ ይልቅ፣ ማሳያው በወቅቱ እሸት መካሄዱን፣ ሴቶች መጠራታቸውንና የሙከራ ማሽን መለየቱን አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው። የንግድ ጽሕፈት ቤቱም ዋጋ መለጠፉንና ለቀብድ ሕጋዊ ደረሰኝ መሰጠቱን በቦታው ተገኝቶ ሊያይ ይችላል። በከተማችን የሚገኘው የጅማ የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከል የመፈልፈያ ማሽኖችን አሠራር ጠንቅቆ የሚያውቅ በመሆኑ፣ ባለሙያዎቹ ከሻጭም ከገዢም ሳይወግኑ በማሳያ ቀን ተገኝተው የ100 ፍሬ ቆጠራውን ቢያካሂዱና ውጤቱን ለሕዝብ ቢያነቡ፣ ሐቀኛው ነጋዴ ተጠቃሚ እንጂ ተጎጂ አይሆንም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ አባሎቻቸውን ሲልኩ የየራሳቸውን እሸት ይዘው እንዲሄዱ ቢያሳስቡ፣ ከሁሉም በላይ ማሽኑን በእጃቸው የሚያዞሩት ሴቶች አብረው እንዲሄዱ ቢያደርጉ፣ የሻጮቹ ጠባይ በአንድ ወቅት ውስጥ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ጋዜጣችሁም እሸት መቅላት ሲጀምር ከሚካሄዱት ማሳያዎች ወደ አንዱ ዘጋቢ ልኮ፣ ከአዘጋጆቹ ንግግር ይልቅ ሞክረው የገዙትንና ሞክረው ሳይገዙ የተመለሱትን ሰዎች አስተያየት እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ፤ ከጅማ